የዳሚት ክረምት

ወይዘሮ ይታይሽ እሁድ እሁድ ክረምት ለማየት ይሄዱ ነበር።

የሚወስዳቸው ልጃቸው ያፌት ነው። ፀሐይ ሳትበረታ፣ መንገዱ ላይ የተወጠረው የጥላ ሸራ የሌሊቱን አየር ገና እንደያዘ፣ ክንዳቸውን ይዞ ከብሎኩ ያወጣቸዋል። ሥራው ሸራ መስፋት ነው። ከአዳማ መንገዶች ብዙዎቹን ያለበሱት እሱና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስለዚህ ሲሄድ ዓይኑ ወደ ላይ ነው፣ የተተረተረ ስፌት ይፈልጋል። እናቱ ወደ ታች እያዩ ነው የሚሄዱት። ልባቸው ከደከመ ወዲህ እግራቸውን አያምኑትም። አፋቸው ግን አልደከመም። በየት በኩል እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታረፍ፣ ያፌት ጠዋት ያቀረበላቸው ገንፎ ምን እንደጎደለው ሳይከራከሩ አራዊት ግቢው ደርሰው አያውቁም።

«በዚህ በኩል ይሻላል፣ እማዬ። ጥላ አለው።»

«ጥላውን አንተ ስለሰፋኸው ነው እንጂ በወዲያ በኩል ቅርብ ነው።»

በወዲያ በኩል ይሄዳሉ።

በአዳማ ከክረምት የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ ይዳምናል፤ ደመናው ግን አይዘንብም፣ እንደ ድስት ክዳን ከተማዋ ላይ ተገጥሞ ይከርማል። ሙቀቱ ከሥር ይታፈናል። የጣራው ሶላር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከየቤቱ በር በላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣሉ። ሰው የጎረቤቱን ፊት ከማየቱ በፊት የበሩን መብራት ያያል። ሰላምታውም ተቀይሯል። «ቤታችሁ ቀዝቅዞ አደረ?» ነው የሚባለው። መልሱም «ተመስገን፣ ያስተኛል» ነው፣ ባያስተኛም።

እውነተኛው ክረምት ያለው ከከተማዋ ዳር፣ አራዊት ግቢው ውስጥ ነበር። ግቢው ትንሽ ነው። ጥቂት ኤሊዎች፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ጅብ፣ ቅማል ሲለቃቀሙ የሚውሉ ዝንጀሮዎች፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ ድሮ የአትክልት ማቀዝቀዣ የነበረ መጋዘን። መጋዘኑ ከሰፈሩ ጋር በአንድ መስመር ስለሚጠቀም የሰፈሩ የመብራት ማኅበር ግቢውን ከነእንስሶቹ ተረክቦታል። መጋዘኑን ሰዉ ሁሉ ክረምት ቤት ይለዋል።

በሩ ላይ ካፖርት ይከራያል። ልጆች በቁምጣቸው ላይ የአዋቂ ካፖርት ደርበው፣ እጅጌው መሬት እየጠረገ፣ እየተሳሳቁ ይገባሉ። ወጣቶቹ የሚመጡት ከአፋቸው የሚወጣውን እንፋሎት ለማየት ነው፤ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ በሌላው ፊት ላይ ይተነፍሳሉ። ጥግ ላይ ሻይ ይሸጣል። ትኩስ ነገር ፈልጎ የሚጠጣ ሰው የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር። ውስጡ ጭጋግ ነው። ከጣራው ካፊያ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ላይ ሽበት በቅሏል፣ ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ ዳሚት አለች።

ዳሚት ቀይ ቀበሮ ነበረች። እግሯ ረጅም፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ደረቷ ነጭ ነው። ፀጉሯ ዳማ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። ከጓሳ ያመጧት ገና ቡችላ ሳለች ነው፤ ገብሱ ብርድ ፍለጋ እየወጣ፣ እየወጣ፣ የተራራውን ጫፍ ይዞ የቀበሮዎቹን ሣር በጨረሰበት ጊዜ። አሁን አርጅታለች። ከእሷ ሌላ በሕይወት ያለ ቀይ ቀበሮ ስለመኖሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም ጥቂት ነው።

ወይዘሮ ይታይሽም የጓሳ ዳር ሰው ናቸው፣ የመንዝ። ካፖርት አይከራዩም። ያፌት በክንዱ የሚይዝላቸው ባና አላቸው፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ከባድ፣ ሌላ ቦታ ሊለበስ የማይታሰብ። ክረምት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ይደርቡትና መስታወቱ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሰላምታ ይጀምራሉ።

«ዳሚት፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ አለሁ። እግሬ ትንሽ አብጧል። ይሄ ልጅ ሌሊት ሌሊት ሸራ ሲሰፋ ያነጋል፣ ተኛ ብለው አይሰማም።»

ዳሚት አንድ ጆሮዋን ታቆማለች። አንዳንዴ ተነስታ መስታወቱን ታሸታለች። ያፌት መጀመሪያ መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ በኋላ ለመደው፤ ከዚያም ማዳመጥ ጀመረ። ምክንያቱም እናቱ ለእሱ የማይነግሩትን ለዳሚት ይነግሯታል። አባታቸው የጓሳ ሣር ሊያጭድ ሲወጣ ስንቅ ይዘውለት እንደሚሄዱ የሰማው እዚያ ነው። ቀበሮዋ ከብቶቹ መሃል ገብታ አብራ ስትሄድ፣ ከብቶቹም ሳይደነብሩ፣ ድንገት ዘላ ፍልፈል ስትይዝ ያዩ እንደነበር። ቁልቁል ሲወርዱ ጣታቸው በብርድ ደንዝዞ የአገልግሉን ማሰሪያ መፍታት ያቅታቸው እንደነበር።

«አላለቀስኩም» አሏት አንድ ቀን ለዳሚት። «ብርድ ያስለቅሳል ብዬ አስቤም አላውቅ። ሙቀት ነው እንጂ እንዲህ ያደረገኝ።»

የክረምት ቤቱ ጠባቂ ረድኤት ትባላለች። ጎልማሳ ናት፣ ጎማ ጫማ አድርጋ የምትውል፣ ንግግሯ አጭር። ለወይዘሮ ይታይሽ ሻይ ታመጣላቸዋለች። «እማማ፣ የእርስዎን ድምፅ ስትሰማ ትበላለች» ብላቸው ታውቃለች። ለማስደሰት ብላ ይሁን እውነቷን ያፌት አልጠየቃትም።

በዚያ ዓመት ደመናው ከወትሮው ቀድሞ መጣ፣ ወፈረም። አንድ ሐሙስ ማለዳ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ስብሰባ የሚደረገው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አንድ ላይ መቀመጥ አይችልም። ሰብሳቢው አቶ ናትናኤል ጉዳዩን ባጭሩ አስረዱ። ኃይሉ አይበቃም። አንድ ነገር ካልተቀነሰ ሕመምተኛ ላለባቸው ቤቶች የተፈቀደው የማቀዝቀዣ ድርሻ ይነሳል። ሊቀነስ የሚችል ደግሞ የቀረው ክረምት ቤቱ ብቻ ነው።

የሦስተኛው ብሎክ ሰው የሆነ ቃልአብ የሚባል ተነሳ። ዝምተኛ ነው፤ ያፌት በስብሰባ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም።

«እኔም ቤት የታመመች እናት አለች» አለ ቃልአብ። «ያቺን እንስሳ ግን እዚህ ያመጣናት እኛ ነን። ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይቀነስ። ይከብደናል፣ እንችለዋለን። ሁሉንም ከእሷ ከቀነስነው ግን እሷ አትችለውም።»

የተቃወመው የለም። የደገፈውም የለም። አቶ ናትናኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው «ክረምት ቤቱ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?» ብለው በየቤቱ ስም መጥራት ጀመሩ።

ድምፅ የሚሰጠው በቤቱ ባለቤት ስም ነው። ያፌት የብሎኩ ተጠሪ ቢሆንም ቤቱ የእናቱ ነበር። «የወይዘሮ ይታይሽ ቤት?» ሲባል ተነሳ።

«ይቀነስ» አለ።

ድምፁ ካሰበው በላይ ጎላ ብሎ ወጣ። ለጊዜው ነው ብሎ ራሱን አጽናና፤ ደመናው እስኪገለጥ። እናቱ ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ ያውቅ ነበር። ስለሚያውቅም ነው ሳይጠይቃቸው የመጣው።

ያን ዕለት ማታ ቤት ሲገባ የበራቸው መብራት አረንጓዴ ነበር። ከኮሪደሩ አረንጓዴ የእነሱ ብቻ ነው። እናቱ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ትንፋሻቸው አልተቆራረጠም። በሩን ተደግፎ አዳመጣቸውና ትክክል ነው ያደረግሁት አለ በልቡ። በማግስቱም፣ ቅዳሜም ደገመው።

እሁድ ሲደርስ ለማስቀረት ሞከረ።

«ዛሬ እንኳ ቤት ብትውዪ። አየሩ ከብዷል።»

«ከከበደ አይደል ወደ ብርድ የሚኬደው?» አሉ እናቱ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ባናውን ያዝልኝ።»

ቀነስ ይላል እንጂ ምን ያህል ሊሞቅ ይችላል ብሎ ያዘላቸው።

አራዊት ግቢው በር ላይ ካፖርቶቹ ሁሉ መስቀያቸው ላይ ነበሩ። የሚያከራየው ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ በካርቶን ቁራጭ ፊቱን ያራግባል። አንዲት እናት ልጆቿን እየጎተተች ስትወጣ አገኟት፤ ትንሹ ልጅ ያለቅሳል። «ከአፌ ጭስ ይወጣል ብለሽኝ» ይላታል፣ እሷም «ሌላ ቀን» ትለዋለች።

ክረምት ቤቱ ውስጥ ጭጋጉ የለም። ካፊያው ቆሟል። ዘመኑን ሁሉ ረጥቦ የኖረው ድንጋይ ነጣ ነጣ ብሏል፣ ከዚህ ቀደም የማይሰማ የእንስሳ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ወይዘሮ ይታይሽ ባናውን አልደረቡም። መስታወቱ ጋ ደርሰው ቆሙ።

ዳሚት ውኃ መውረጃው አጠገብ ሲሚንቶው ላይ በሆዷ ተነጥፋ ተኝታለች። ምላሷ ወጥቷል፣ ጎኗ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወርዳል። ረድኤት ከመስታወቱ ወዲያ ተንበርክካ የረጠበ ጆንያ ጀርባዋ ላይ ትቀያይራለች።

«ዳሚት» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። ራሷን ግን አላነሳችም።

ረድኤት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ያስታውቃል።

«ምን ሆና ነው?» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «ታማ ነው?»

«ሙቀቱ ነው፣ እማማ። መስመሩን ቆርጠውታል። በረዶ ከሰፈር እየለመንኩ ሳመጣ ነበር፣ ከትናንት ወዲህ እሱም ጠፋ።»

«ማን ነው የቆረጠው?»

«ማኅበሩ ነው። ሐሙስ ዕለት ድምፅ ተሰጥቶ።» ረድኤት ይህን ስትል ያፌትን አየችውና ዓይኗን መለሰች።

«አንተ ተጠሪ አይደለህ?» አሉ እናቱ ወደ እሱ ዞረው። «ይህን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ያፌት። ያ ውሸት አልነበረም።

ወይዘሮ ይታይሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ መስታወቱ ለብ ብሏል። ስለ ቤት ዕቃ እንደሚናገር ሰው፣ «የእኔ ክፍል ይቀዘቅዛል» አሉ። «ወደዚያ እንውሰዳት።»

«እማዬ—»

«ሁለታችንንም ይበቃናል። አልጋውን ወደ ግድግዳው ትገፋዋለህ።»

ያፌት ረድኤት እምቢ እንድትል ጠበቀ። ረድኤት ግን አስባበት ነበር።

«ማጓጓዣ ሳጥን አለኝ» አለች። «በእኔ ቃል ብቻ ከግቢው ላወጣት አልችልም። የተጠሪ ቃል ካለ ግን ይበቃኛል። ጋሽ ያፌት፣ ኃላፊነቱን ወስጃለሁ ይበሉኝና አሁኑኑ እንሄዳለን።»

ሁለቱም አዩት።

ያፌት የኮሪደሩን በሮች አሰበ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ከዚያ የእነሱ አረንጓዴ። በዚያ ሁሉ በር ፊት ሳጥን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሲጠየቅ ታየው። የታመመች እናቴን ብሎ ያስፈቀደውን ድርሻ ለቀበሮ ሰጠው ይባላል። ነገ አቤቱታ ይቀርባል፣ ከነገ ወዲያ መብራቱ ቀይ ይሆናል። እናቱ ያን ሙቀት አይችሉትም። ይህ ሁሉ እውነት ነበር፤ በኋላ ሲያስበውም እውነት ሆኖ ነው ያገኘው። ችግሩ ሌላ ነገርም መኖሩ ነው፤ እሳቸው ፊት ያን ቃል ካወጣ፣ ተጠሪ እንዲህ ያለ ሥልጣን ካለው ሐሙስ የት ነበርክ ይባላል።

«ሰብሳቢውን ላናግር» አለ። «ደንብ አለው።»

«ይቆያል?» አሉ እናቱ።

«ወዲያው ነው የምመለሰው። አንቺን ቤት ላድርስሽና—»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ይሞቃል እኮ፣ እማዬ።»

«ለእሷም ይሞቃል።»

አቶ ናትናኤል ቤታቸው አልነበሩም። ጎረቤታቸው ለቅሶ ቤት ነው ያሉት አለው፣ ሦስተኛው ብሎክ፣ ሰው ሞቶ። ያፌት የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳይጠይቅ ሄደ። ድንኳኑን ከሩቅ አየው፤ ሸራው እሱ የሰፋው ነው። ገብቶ ጎንበስ እያለ እጅ ነስቶ ወደ ፊት ሲሄድ ዋናው ሐዘንተኛ ቃልአብ መሆኑን አየ።

የሞቱት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው አሉት አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬ። እናትየው ናቸው። ድርሻቸው አልተነካም ነበር፣ ክፍላቸውም ቀዝቃዛ ነበር፤ ልባቸው ነው እንጂ፣ አይታወቅም። ዛሬ ሲነጋ ተቀበሩ። ሰውዬው እንደ ልማዱ «ነፍስ ይማር» ብለው ንፍሮ አሳለፉለት። ያፌት እፍኙን ይዞ ተቀመጠ። አሁን የመጣ ሰው አሁን አይነሳም። አቶ ናትናኤል ከማዶ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አንዲት ሴት የሟቿን ደግነት እያነሳች ጥቂት አለቀሰችና ሙቀቱ አሸንፏት ዝም አለች።

በመጨረሻ አቶ ናትናኤል አጠገብ ያለው ቦታ ሲለቀቅ ያፌት ተጠግቶ ተቀመጠ።

«አንድ ጉዳይ ነበረኝ» አለ በሹክሹክታ። «ስለ ክረምት ቤቷ እንስሳ። ለጊዜው ወደ አንድ ቤት ብትዛወር ብዬ...»

አቶ ናትናኤል ዓይናቸውን ገልጠው ረጋ ብለው አዩት። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ነው የሚመስሉት።

«ያፌት፣ እዚህ?» አሉ።

«ይቅርታ። አስቸኩሎኝ ነው።»

«ነገ ማለዳ ና። እንነጋገራለን።»

ያፌት ሊነሳ ሲል ቃልአብ አየው። በእጁ ጠራው። ያፌት ሄዶ ፊቱ ተንበረከከ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ቃልአብ እጁን ይዞ አልለቀቀውም። ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ግን ደህና ነበር።

«እናትህ እሁድ እሁድ ክረምት ቤት ይሄዳሉ አይደል?» አለው። «እናቴ ደህና እያለች እዚያ ታያቸው ነበር። ዛሬም ሄደው ነበር?»

«ሄደናል።»

«ዳሚት እንዴት ናት?»

በድንኳኑ ውስጥ ያን የጠየቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ያፌት አፉን ከፈተ። እናቱን የቀበረ ሰው ላይ ይህን እንዴት እጨምራለሁ አለ በልቡ።

«ደህና ናት» አለው።

«ተመስገን» አለ ቃልአብ፣ እጁንም ለቀቀው።

ያፌት ከድንኳኑ ሲወጣ መራመዱን ትቶ ሮጠ። በዚያ ሰዓት በአዳማ የሚሮጥ ሰው የለም፤ ሰዉ በየጥላው ሆኖ ያየው ነበር። የሚለውን በቃሉ ይዞታል። ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ፣ ሳጥኑን አምጪ። ማንም ይጠይቀኝ፣ መብራቱም ቀይ ይሁን፣ አልጋውን ወደ ግድግዳ እገፋዋለሁ። አራዊት ግቢው ሲደርስ የካፖርቱ ሰው ተነስቶ ሊያነጋግረው ሲል አልፎት ገባ።

አግዳሚው ላይ ማንም የለም። የመስታወቱ በር ክፍት ነበር። ሳጥኑ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ክዳኑም ተከፍቷል፤ ረድኤት አዘጋጅታው ነበር። ራሷ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

እናቱ ከመስታወቱ ወዲያ ናቸው። እግራቸውን ዘርግተው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠዋል፣ የዳሚት ራስ ጭናቸው ላይ ነው። ነጠላቸው ረጥቦ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ያፌት ጎኗን አየ፣ እስኪነሳ ጠበቀ። አልተነሳም።

«ኃላፊነቱን እኔ...» ብሎ ጀምሮ ተወው።

«ሰብሳቢው ምን አለህ?» አሉ እናቱ።

«ነገ አለኝ።»

«ነገ» አሉ እሳቸው፣ የዳሚትን ጆሮ በጣታቸው እያስተካከሉ።

ከግቢው ጀርባ ቀበሯት። ረድኤት ስትቆፍር ያፌት ዶማውን ሊቀበላት ሞከረ፤ ሰጠችው። ወይዘሮ ይታይሽ ባናውን አምጣው አሉትና በእሱ ጠቀለሏት። በዚያ ከባድ የበግ ፀጉር ውስጥ ትንሽ ሆና ታየች፣ የተኛ ልጅ ያህል። ሌላ ጎብኚ አልነበረም። ዝንጀሮዎቹ ከሽቦው ወዲያ ተሰብስበው ያዩ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ እናቱ አንድ ጥላ ያለበት ድንጋይ ሲያገኙ አረፍ አሉና እሱም አጠገባቸው ቆመ።

«ድምፁ የሚሰጠው በእኔ ስም ነው አይደል?» አሉት።

«አዎ።»

«ምን ብለህ ሰጠህልኝ?»

«ይቀነስ ብዬ። ላንቺ ብዬ ነው፣ እማዬ። ሐኪሙ ያለውን ታውቂያለሽ። ክፍሉ ከሞቀ...»

«ለእኔ ብለህ እንደሆነማ አውቃለሁ። ለማን ብለህ ታደርገዋለህ?» ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። «ብትጠይቀኝ ምን እል ነበር?»

«አይቀነስ ትዪ ነበር።»

«ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንድ ነገር እንደተገለጠላቸው ሰው። ከዚያ እንዲያነሳቸው ክንዳቸውን ዘረጉለት።

ያፌት ቀዝቃዛውን ክፍል አልተኛበትም ይሉኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። በመንገድ ሲዘጋጅበት የመጣውን ልመና ግን ሳይጀምረው ቀረ። እናቱ ግቢ ሲላቸው ገቡ፣ ተኚ ሲላቸው ተኙ። በማግስቱ ገንፎ ሲሠራ ጨው ጨምር አትጨምር የሚለው ድምፅ ከወዲያ ክፍል አልመጣም። ራሱ ጠየቃቸው።

«አንተ ታውቃለህ» አሉት።

መጀመሪያ ልብ አላለውም። የሐዘን ነው፣ ያልፋል አለ። መስኮቱን ልክፈተው ወይስ ልዝጋው? አንተ ታውቃለህ። ዘመድ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል፣ ይምጣ? አንተ ታውቃለህ። አንዳንድ ጊዜ ሆን ብሎ የማይወዱትን ነገር ያቀርብላቸው ነበር፤ ፈዛዛውን ሰማያዊ ቀሚስ ልበሺ ይላቸዋል፣ እንዲቆጡት፣ እንዲሰድቡት። ይለብሱታል። ሰው ቢሰማ እንዴት ያለች የምትታዘዝ እናት፣ እንዴት ያለ የታመነ ልጅ ይላል። ያፌት ሸራውን ሲሰፋ መርፌውን አቁሞ ራሱን የሚይዝበት ጊዜ በዛ።

ነሐሴ ሲጋመስ ደመናው ተገለጠ። የኮሪደሩ መብራቶች አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ፣ ሰዉም በሩ ላይ ቆሞ መሳቅ ጀመረ። ክረምት ቤቱም እንደገና ቀዝቅዞ ተከፈተ። መስታወቱን አንስተውት ስለነበር አሁን እስከ ድንጋዩ ድረስ መግባት ይቻላል፤ ሽታውም የለም። ከበፊቱ የበለጠ ሰው ይመጣል ተባለ። ረድኤት ሥራውን ትታ ወደ አዋሳ እንደሄደች ያፌት የሰማው ከሌላ ሰው ነው። ቃልአብን አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አገኘው። ያን ቀን «ደህና ናት» ስላለው እውነቱን ሊነግረው ቆም አለ። ቃልአብ ግን ሰምቶ ኖሯል፤ «ቤታችሁ ቀዝቅዞ አደረ?» ብሎት፣ መልሱን ሳይጠብቅ አለፈ።

መስከረም ሳይጠባ ማኅበሩ ሌላ ስብሰባ ጠራ። ጉዳዩ ዝንጀሮዎቹ ነበሩ። ግቢያቸው ፈርሶ ክረምት ቤቱ ይስፋ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ዝንጀሮዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ በሐሳቡ ላይ አልተጠቀሰም። ያፌት ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን፣ እናቱ ከመኝታ ተነስተው መስኮቱ ጋ ሲቀመጡ ወንበር ስቦ ፊታቸው ተቀመጠ። አንድ ሳያስቀር ነገራቸው፤ ማን ምን እንዳለ፣ ቢፈርስ ምን እንደሚሆን፣ ባይፈርስ ምን እንደሚሆን።

«ድምፁ ያንቺ ነው» አላቸው። «ያልሽውን ነው የምለው። ሌላ አልጨምርበትም። ምን ልበል?»

ወይዘሮ ይታይሽ ሲናገር ሰሙት። እጃቸውን አንስተው ከሸሚዙ ላይ የሸራ ክር ለቀሙለት፣ በጣታቸው ጠቀለሉት።

«አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» አሉት።

ፊታቸው ላይ ቂም ፈለገ፣ አላገኘም። ቢያገኝ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አቶ ናትናኤል በየቤቱ ስም ጠሩ። ሰዉ እየተነሳ ይፍረስ፣ ይስፋ፣ ይሁን ይላል። ተራው ደረሰ።

«የወይዘሮ ይታይሽ ቤት?»

ያፌት ተነሳ። ሁሉም ዞሮ ይጠብቀው ጀመር። ዕድሜውን ሁሉ ከእናቱ ጋር ኖሯል፤ እሳቸው ለዚህ ምን እንደሚሉ ግን አላወቀም።